የዘነበበት ባርኔጣ

ሰር ጊልበርት ሃርግሬቭ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተደፋ ሞቶ ተገኘ። ጀርባው ላይ የተሰካው የመጽሐፍ ገጽ መክፈቻ ቢላዋ የገዛ ራሱ ነበር። ኢንስፔክተር ቴትሎው ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች የሟቹን የሥራ ተባባሪ ሚስ ዊኒፍሬድ አስከምን ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ነበር ያገኟት፤ እጇ ደም በደም ነው።

ሟቹን ለንደን በሙሉ ያውቀው ነበር። ጠዋት ችሎት፣ ከሰዓት ፓርላማ፣ ማታ ደግሞ የጥንት ቴአትሮችን ቃል በቃል ሲያመሳክር ያመሻል። የጭንቅላቱን ትልቅነት እያዩ ባልንጀሮቹ «ሦስት ሰው ይዞ እንዴት አይገዝፍ!» ይሉት ነበር።

ቴትሎው ከሬሳው ይልቅ ክፍሉን ማየት የሚወድ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ጥቁር የሐር ባርኔጣ ዘንድ ሄዶ አናቱን በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ። ውጭ ከቀትር ጀምሮ የጣለው ዝናብ አላባራም። የግቢው ዘበኛ፣ ሰር ጊልበርት ገና በማለዳ እንደ ገባና ከዚያ ወዲያ እንዳልወጣ ነገረው።

ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ሚስተር ትሬንት ጥርጣሬውን አልሸሸገም።

«ነገ ማታ በሥነ ጽሑፍ ማኅበሩ ፊት አንድ ስሕተቴን አርማለሁ ብሎ ለሦስታችን ብቻ ነግሮናል፤ ለእኔ፣ ለእሷና ለሮውሊ። ስሕተቱ እሷው ናት። በመጽሐፌ ላይ ስሟን ከስሜ ጎን አሳትማለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር፤ መቼም ሳይቆጨው አልቀረም።»

«አልገደልኩትም» አለች ሚስ አስከም። አላለቀሰችም። ፖሊሶቹ የዓይኗን መድረቅ እንደ ጭካኔ ቆጠሩት። ፍርድ ቤት ብትቀርብ መሰቀሏ እንደማይቀር ቴትሎው ያውቃል።

ሦስተኛው የፓርላማ አባሉ ሚስተር ሮውሊ ነው። ከአሮጌ ሣጥን ውስጥ የጥንት ቴአትር አገኘሁ ብሎ ስሙ የገነነ፣ ሰር ጊልበርትም በአደባባይ ያወደሰው ሰው ነበር።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ምክር ቤት ነበርኩ» አለ ዘና ብሎ። «ባርኔጣዬ ወንበሬ ላይ ነበር። ያላየው ካለ ዕውር ነው።»

ይህ ቀላል መልስ አይደለም። የምክር ቤቱ ወንበር ለአባላቱ አይበቃም፤ ስለዚህ ባርኔጣውን ያስቀመጠ ቦታው ይከበርለታል፣ ከሕንፃውም እንዳልወጣ ይቆጠራል። ደግሞስ የትኛው ጨዋ ነው በለንደን ጎዳና ያለ ባርኔጣ የሚሄድ? ቴትሎው ሄዶ ጠየቀ፤ ባርኔጣውን ሁሉም አይቶታል፤ ባለቤቱን ግን ከቀትር በኋላ ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን በዚያው ቢሮ ሰበሰባቸው። ሬሳው በጎን ባለው ክፍል ተጋድሟል።

«ትናንት እዚህ የተሰቀለው ባርኔጣ እርጥብ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ሰር ጊልበርት ደግሞ ከዝናቡ በፊት ገብቶ አልወጣም። ስለዚህ ባርኔጣው የእሱ አይደለም። በሟቹ ራስ ላይ ስሞክረው ጠብቦት አናቱ ላይ ቀረ። ገዳዩ ደንግጦ ሲወጣ የራሱን ትቶ የሟቹን አድርጎ ሄዷል ማለት ነው።»

«ማን?» አለ ትሬንት።

«እርስዎ ከፎቅ ለመውረድ ባርኔጣ አያሻዎትም። ሚስ አስከም የወንድ ባርኔጣ አታደርግም። ስለ ንግግሩ ከሚያውቁት የቀረው አንድ ነው።»

ሮውሊ ሳቀ። «የኔ ባርኔጣ የት እንደ ነበረ ምክር ቤቱ በሙሉ ይመሰክራል።»

«ይመሰክራል። አንዱ የት እንደ ነበረ። ምክር ቤት ሊቆይ ያሰበ አንድ ባርኔጣ ይዞ ይመጣል፤ የቆየ ሊመስል ያሰበ ግን ሁለት።» ወደ ሚስ አስከም ዞረ። «ሰር ጊልበርት ሰሞኑን ምን ያመሳክር ነበር?»

«የሚስተር ሮውሊን ቴአትር ብቻ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ገባት። «በዚያ ዘመን ያልነበሩ ቃላት እየለቀመ ነበር።»

«ስሕተቱ ያን ቴአትር ማወደሱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ቴአትሩን ሮውሊ ራሱ ጽፎታል።»

ቴትሎው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሰፊ ባርኔጣ አወጣ። የምክር ቤቱ ሹም ጠዋት የሮውሊን ቁም ሣጥን ሲከፍት የተገኘ ነው፤ ውስጡ የሟቹ ስም አለበት። ሮውሊ አየውና ተቀመጠ።

«ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «ንግግሩን ቢያነበው ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ትሬንት ሚስ አስከምን ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን አላየችውም። ዓይኗ የጎኑ ክፍል በር ላይ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ትናንት ባለቅስ ጸጸት ነው ትሉኝ ነበር» አለች። «አሁን ገብቼ ላልቅስለት?»

ቴትሎው ሄዶ በሩን ከፈተላት።