ጨማቂው ያስቀረው

ጨማቂው ቁርሱን በልቶ ነበር፤ የመርከቡ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሉት። «ተሻጋሪ» የተባለችው የጠፈር መርከብ የመረጃ ቋቷ ጠባብ ስለሆነ፣ ይህ ማሽን በየማለዳው ጽሑፍና ንግግር እየጨመቀ ያሳጥራል። መዝገብ ጠባቂዋ ዋጋዬ ግን የሸንጎውን ቃል በእጇም ትጽፋለች። አባቷ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር፤ የወለዱት እሷን ብቻ ስለነበር ትስቅ ነበር።

ዛሬ አልሳቀችም። የውሃ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ገረመው ታልሙድ ከቋቱ እንዲሰረዝ አመልክተው ሸንጎው ተሰብስቧል። ታልሙድ የጥንት አይሁድ መምህራን ክርክር፣ የተረታው ሐሳብ ሳይቀር፣ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። ዋጋዬና ወገኖቿ አይሁድ ናቸው፤ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ የተማረችውም እሱን ነው።

«'ባዕድን ማታለል ይቻላል' ይላል። ከቋቱ አንብቤዋለሁ» አሉ አቶ ገረመው።

ዋጋዬ አባቷ ከተፈቀደላቸው ዕቃ ግማሹን ትተው የጫኑትን የወረቀት ቅጽ ገለጠች።

«ጋሼ፣ መምህራኑ ይህን ያነሡት ሊያፈርሱት ነው። ቀጥሎ 'ክልክል ነው' ይላል። ጨማቂው ጥያቄውን አስቀርቶ መልሱን ጥሎታል።»

«ያንቺው ወረቀት ላንቺ ቢመሰክር ምን ይገርማል?»

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፌ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያለፈው ስብሰባ ቃል ከቋቱ ወጥቶ በሰሌዳው ይታይ አሉ። በአቶ ገረመው ስም አንዲት መስመር ወጣች፤ «የዋጋዬ ወገኖች ከመርከቡ ይውረዱ።»

ከጠፈር መርከብ መውረድ መሞት ነው። የአቶ ገረመው ልጅ አባቷን አየቻቸው።

«እንዲህ ብቻ አላልኩም» አሉ። ማንም አላመናቸውም።

ዋጋዬ ዝም ብትል ክሳቸውን የሚሰማ አይኖርምና መጽሐፉ ይተርፍላታል። ደግሞስ የእጃቸውን ነው ያገኙት። እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት። ደብተሯን አንሥታ አነበበች።

«'የዋጋዬ ወገኖች ከመርከቡ ይውረዱ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሰው አይነካ፣ መጽሐፉ ብቻ ይሰረዝ እላለሁ።' ጋሼ ያሉት ይህን ነው።»

አቶ ገረመው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የወረቀቱን ቅጽ ሲያዩ ቆዩ።

«ያ መጽሐፍ የተረታውንም ሰው ቃል ያስቀምጣል አልሽ?»

«ከነስሙ።»

«እንግዲያው ክሴን አንሥቻለሁ። ግን ከደብተርሽ እንዳትሰርዢው፤ ጻፊው» አሉ። «መልሱን ከጎኑ አድርጊለት።»