ሳይሰማ አይሰረዝም

የከተማዋ ማቀዝቀዣ የቆመው ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን ነው። እስከ መስከረም ድረስ አልተነሣም። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ሆነ። ከጨው ሜዳው በታች ሰባት ፎቅ ወደ ምድር ተቆፍራ በተሠራችው በዓለምጥላ ከተማ የግድግዳው ቀለም ከሙቀት የተነሣ ይላጥ ጀመር። አርባ አንድ ሰው ሞተ። ከሞቱት አንዷ የአበጋዝ ሚስት የሺመቤት ነበረች። ገንዘው የሸኟት ጎረቤቷ እማማ ዘርፌ ናቸው።

በእነዚያ ወራት ቀኑ ስለማያሠራ አብዛኛው ሰው በቀን ይተኛና ማታ ይሠራል። ለመተኛት ግን ጸጥታ ጠፋ። በሦስተኛው ፎቅ ውሻ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል የሚል አቤቱታ በዛ። ያኔ በየሁለቱ በር መካከል፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ቆጣሪ ነበረ። ጩኸቱን ይቆጥራል፤ ከየትኛው በር እንደመጣ ግን አይለይም። ያንን የሚለየው የድምፅ ክፍል ሠራተኛ ነው። የሦስተኛው ፎቅ የድምፅ ክፍል ሠራተኛ ደግሞ አበጋዝ ነበር።

በእሱና በእማማ ዘርፌ በር መካከል ያለው ቆጣሪ በአንድ ቀን አራት መቶ አሥር ጩኸት ቆጠረ። አበጋዝ ያን ሰሞን ጊዜው የጭንቅ ስለሆነ ቀኑን በፓምፕ ክፍል ነበር የሚውለው። ሚስቱ ስትሞት ጥላለት የሄደችውን ውሻ፣ ዳማን፣ ያውቃታል። እሱ ቤት ባለበት ሰዓት ሁሉ እግሩ ሥር ተኝታ ትንፋሽዋ እንኳ አይሰማም። እንግዲያ የሚጮኸው የእማማ ዘርፌ ውሻ ቡላ ነው ብሎ ፈረመ። ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ሦስቱንም ተቀብለው አጥፈው አስቀመጡ። በመጨረሻ ቡላ በአሳንሰር ወደ ላይ ወጥቶ ለፍየል ጠባቂዎች ተሰጠ። እማማ ዘርፌ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በማግሥቱ በየኮሪደሩ ድምፅ በላ ተተከለ። ድምፅ በላ መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ግድግዳ ውስጥ ትቀበራለች። ውሻ ሲጮኽ የጩኸቱን ተቃራኒ ሞገድ ትለቅቃለች፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። የዋጠችውን ግን አትጥልም፤ ከጩኸቱ በፊትና በኋላ ከተሰማው ጋር በሆዷ ታስቀምጣለች። ጸጥታ ሆነ። አቤቱታው ቆመ። አበጋዝም በልቡ፣ ቡላን ማስወጣቴ ትክክል ነበር አለ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው።

አንድ የኅዳር ጠዋት አበጋዝ ሥራ ሲገባ፣ ባልደረባው ገረሱ አንዲት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ቀይ መብራቷ ይበራል።

«ሞልታለች» አለ ገረሱ።

«ድምፅ በላ አትሞላም። የሃያ ዓመት ነው የምትይዘው።»

«ይቺ በአራት ዓመት ጨርሳዋለች። የሰፈርህ ናት፤ ያንተና የአሮጊቷ ግድግዳ። ቤትህ ገበያ ከፍተሃል እንዴ?»

አበጋዝ አልሳቀም። የሞላ ሣጥን ተሰርዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ጥሪ ከውሻ ጩኸት ጋር አብሮ ተውጦ ሰውየው ስለሞተ ግን ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ሳይሰማ አይሰረዝም። ከየወሩ አሥር ደቂቃ ማዳመጥ ግዴታ ነው። አበጋዝ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

መጀመሪያ የበር መዘጋት ተሰማ። ከዚያ እርምጃ። እርምጃው የራሱ ነው፤ የግራ እግሩን ሳብ ያደርጋል። እርምጃው ራቀ። አራት ደቂቃ ዝም። ከዚያ ጩኸት።

ዳማ ነበረች።

አበጋዝ ይህን ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም። ግን አልተጠራጠረም። አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። በሩን በጥፍሯ ትቧጭራለች። ሲደክማት ታርፋለች፤ አሳንሰሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትነሣና እንደገና ትጀምራለች። ማታ እርምጃው ሲመለስ ወዲያው ጸጥ ትላለች። ከዚያ የራሱን ድምፅ ሰማ፦ «ጎበዝ ልጅ። እንዲህ ዝም በይ።»

ወሩን ለወጠ። ያው ነው። ዓመቱን ለወጠ። ያው ነው። ወደ መጀመሪያው ሳምንት ተመለሰ። ቡላ ከሄደ በኋላም ጩኸቱ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለም።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ሲደርስ የሰው ድምፅ ገባ። ከእማማ ዘርፌ ግድግዳ በኩል፣ በጣም ቀርቦ፣ አፍ ሣጥኑ ላይ ተለጥፎ የሚናገር ይመስላል።

«አይዞሽ ዳማዬ። ይመጣል። አሁን ስድስት ሰዓት ነው፤ ግማሹ አለቀ።»

ዳማ ዝም አለች።

«ዛሬ ጉልበቴ አልተነሣልኝም። ወንበሬን ወደዚህ ስቤ ቁጭ ብያለሁ። ያው ነን እኔና አንቺ። ምን ልንገርሽ? የትናንቱን ተረት ልጨርስልሽ...»

አበጋዝ ሣጥኑን አገላብጦ የቅንብሩን ገጽ ከፈተ። ነዋሪ ሁሉ ከፈለገ በራሱ ክፍል በኩል ያለውን ሞገድ ማጥፋት ይችላል። ማንም አያጠፋውም፤ ለምን ያጠፋል? በእማማ ዘርፌ በኩል ያለው ግን ጠፍቷል። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ። ኮሪደሩ ሁሉ ሲገላገል እሳቸው ብቻ ሲሰሙ ኖረዋል።

ሕጉ ከየወሩ አሥር ደቂቃ ይበቃል ይላል። አበጋዝ ሦስት ቀን አዳመጠ። ገረሱ ምሳ ብላ ሲለው እጁን ብቻ ያወዛውዛል። ዳማን ቤት ትቷት መምጣት ስላልቻለ በገመድ አስሮ ይዟት ይመጣል፤ ጠረጴዛው ሥር ተኝታ የራስዋን ጩኸት ከማዳመጫው ጠርዝ ስትሰማ ጆሮዋን ታቆማለች። እሱ ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

በአራተኛው ቀን ወደ ጨው መጋዘን ሄዶ አንድ ጠፍጣፋ ጥርብ ጨው ወሰደ። አባቱ ሰው በድለው ይቅርታ ሲጠይቁ ድንጋይ ተሸክመው ሲሄዱ በልጅነቱ አይቷል። በዓለምጥላ ግን ልቅ ድንጋይ የለም። ጨዉን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር አለፈ። ሰዎች በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩት፤ መልሰው ዘጉ። ምን ነካህ ያለው የለም። ሁሉም ያውቁ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው።

እማማ ዘርፌ በሩን ከፍተው ከራስ እስከ እግሩ አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥፋቴን ሰምቼ መጣሁ፣ እማማ።»

«ጨው ነው የተሸከምከው?»

«ጨው ነው። ድንጋይ አጣሁ።»

«ወጤን ልታጣፍጥልኝ ነው? አውርደው። ወለሌን ታቆሽሻለህ።»

«ይቅር ካላሉኝ አላወርድም።»

«እንደፈለግህ። ወገብህ ያንተ ነው።»

ቆመ። ላቡ ጨዉን እያሟሟ አንገቱ ላይ ይወርዳል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ልንገርህ? የሺመቤት ከሞተች አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር። አጥንትህ ብቻ ነበር የቀረው። ውሻዋ አንተ በወጣህ ቁጥር ታለቅሳለች ልበልህ?»

«ከአርባው በኋላስ?»

«ከአርባው በኋላ ቡላ ሄዷል። ብነግርህ ታፍራለህ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ፤ ዓመት ከሞላ ወዲያማ እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

«ሌላው ሰውስ?»

«ሌላው ምን አገባው? ውሻ የተወሰደባት እኔ ዝም ካልኩ። ደግሞስ ደመወዝ የሚበላው በጆሮው የሆነን ሰው ማን ደፍሮ ስማ ይለዋል?»

አበጋዝ ጨዉን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ። «ቡላ ጮኾ አያውቅም?» አለ።

«ቡላ? ሰነፍ ነበር። በር ሲንኳኳ ተነሥቶ ከመጮኽ ይልቅ አንቺ ክፈቺ እንደሚል ሰው ነበር ዞሮ የሚያየኝ።» ይህን ሲሉ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ይቅር ብዬሃለሁ። ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ። አሁን አውርደው፤ ጨው ውሻ አይሆነኝም።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

እሑድ የዕረፍት ቀኑ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ወደ ቢሮ ገባ፤ ከዚያ ዳማን ይዞ በአሳንሰር ወደ ላይ ወጣ። ሜዳው ነጭ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ከሜዳው ዳር፣ ጤዛ የሚያጠምዱ ሰፋፊ መረቦች በተዘረጉበት ጥላ ሥር፣ ቡላን የተቀበለው ጠባቂ የሁመድ ፍየሎች ተኝተዋል። ሁመድ የአበጋዝ እኩያ ነው፤ ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ።

ቡላ ከፍየሎቹ መካከል ተነሣ። አፍንጫው ዙሪያ ሸብቷል። አንድ ጆሮው ተቀድዷል።

«ጅብ ነው» አለ ሁመድ። «ጆሮውን ሰጥቶ አንዲት ግልገል አስጣለ።»

«ይጮኻል?»

«ጅብ ሲመጣ። ካልመጣ አይጮኽም። ስትልኩልኝ ጯሂ ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። አራት ዓመት ጠበቅኩ፤ ውሸታችሁን ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ አበጋዝ። «ልወስደው ነው የመጣሁት።»

ሁመድ ወደ ፍየሎቹ አሳየው። ሆዳቸው ተነፍቷል። «ሊወልዱ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጅቡ ደሙን አሽትቶ ይመጣል። ውሻውን ወስደህ በምን ልጠብቅ?»

«ሌላ ይላክልሃል።»

«መቼ? እናንተ ስትልኩ ዓመት ነው።» ሁመድ ዳማን አየ። ዳማ ገመዱን ወጥራ አንዲት ፍየል ታሸታለች። «ይቺን ተዋት።»

«የሟች ባለቤቴ ናት።»

«ቀን ከማን ጋር ትውላለች?»

«ብቻዋን።»

«ስንት ሰዓት?»

አበጋዝ አፈረ። «አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ።

ሁመድ ዞር ብሎ የመረቡን ገመድ አጠበቀ። ማንም ሰው እንዲህ አድርጎ ሰድቦት አያውቅም።

አበጋዝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከየሺመቤት ቤቱ ውስጥ የቀረው ነገር ሻንጣ ሙሉ ልብስና ይቺ ውሻ ናቸው። ልብሱን ከፍቶት አያውቅም። ዳማን ግን ማታ ማታ ሲደባብሳት፣ ሚስቱ ስትደባብሳት እጇ የሚያርፍበትን ቦታ ያውቀዋል፤ እዚያው ላይ እጁን ያሳርፋል። ለሌላ ለማንም ያልተናገረው ነገር ይህ ነው። ለሁመድም አልተናገረም። ገመዱን ፈታ።

ዳማ አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሮጠች። በፍየሎቹ መካከል ገብታ ወጣች። ቡላ አሸተታት። ሁመድ በራሱ ቋንቋ ጠራት፤ ቃሉን አታውቀውም፣ ግን ሄደች።

አበጋዝ ቡላን ይዞ ወደ አሳንሰሩ ገባ። በሩ ተዘጋ። ቁልፉን አልተጫነም። በሩ ሲዘጋ ዳማ የምትለውን ያውቀዋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰምቶታል። አንዴ ብቻ በገዛ ጆሮው፣ ያለ ሣጥን፣ ጩኸቷን ሊሰማ ፈለገ። ይህ ቅጣት ይገባኛል አለ በልቡ። አራት ደቂቃ ቆመ። አምስት። አሥር።

አልጮኸችም።

አራት ዓመት ያለቀሰችው ለእሱ አልነበረም። ለሰው ነበር፤ ለማንም ሰው። እሱ ያንን እንኳ አልሆነላትም። ቁልፉን ተጫነ።

እማማ ዘርፌ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት አበጋዝን ነው። ከዚያ ወደ ታች አዩ። ቡላ ቀሚሳቸውን አሸተተ፤ እጃቸውን አሸተተ። አልዘለለም። የሰውነቱን ክብደት ሁሉ እግራቸው ላይ ጣለው፤ እማማ ዘርፌ እንዳይወድቁ መቃኑን ያዙ።

«ሸምግለሃል፣ አንተ ሰነፍ» አሉት።  የተቀደደውን ጆሮ በጣቶቻቸው ያዙት፤ ምን ሆኖ ነው ብለው አልጠየቁም። ቀና ሲሉ የአበጋዝን ሌላ እጅ አዩ። ባዶ ነው።

«ዳማስ?»

«እዚያ ናት። ሰው አለ፤ ፍየል አለ።»

«በምትኩ?»

«በምትኩ።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም» አለ። ይህን ሲል ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

እማማ ዘርፌ የቡላን ራስ ደባበሱ።

«መዝገቡስ?»

«ጠዋት ገብቼ አርሜዋለሁ። ጩኸቱ ከእኔ ቤት ነው፣ የፈረምኩት ሐሰት ነው ብዬ ስሜን ጽፌያለሁ። ነገ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል።»

«እንግዲያ ጨርሰናል» አሉ። «ምንም ዕዳ የለብህም።»

አበጋዝ እጅ ነሥቶ ወደ ራሱ በር ዞረ። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ ሲያወጣ ድምፃቸው ከኋላው መጣ።

«አሁን ቀኑን እዚያ ውስጥ ብቻህን ልትውል ነው?»

«ዛሬ ዕረፍት ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

በራቸውን አልዘጉትም ነበር። አበጋዝ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ።