የባትሪው ጥፋት

ዳክዬዋ መዝለል ሲገባት ቁጭ አለች።

«ኧረ ዝለይ!» አለች ሽቦ፣ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ደጋግማ እየተጫነች። ዳክዬዋ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ አለች። ከዚያ ማዕበሉ መጣና ከነፖስታ ቦርሳዋ ጠራርጎ ወሰዳት፤ ሁለት ብርቱካናማ እግሮች ብቻ ወደ ሰማይ ተሰቅለው ቀሩ።

ሽቦ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ጨፈረች። ዳክዬዋ መታየቷ ራሱ ተአምር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስክሪኑ ላይ ከጥቁር በቀር ምንም አልታየም፤ አንዴ ፋይሉ የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ገብቶ፣ አንዴ ድምፁ ብቻ መጥቶ ምስሉ ጠፍቶ ስታብድ ነው የሰነበተችው።

ሽቦ የሚሏት ስለቀጠነች ብቻ አይደለም። ኪሷ ውስጥ ገመድ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ገመድ፣ አንድ ቀንማ ፀጉሯን በቻርጀር ገመድ አስይዛ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። አሁን በእጇ ያለውን የኪስ ኮምፒውተር ያመጣላት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። እሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዕቃ የሚጭንበት መጋዘን የሣጥን መመዝገቢያ ማሽኖቹን በአዲስ ሲቀይር አንዷን አሮጌ «ይቺ ለሽቦ ትሆናለች» ብሎ ኪሱ ከተታት። መዳፍ የምታክል፣ ከስክሪኗ ሥር የቁጥር ቁልፎች የተደረደሩባት፣ አንድ ጥጓ የተሰነጠቀ ማሽን ናት።

ሽቦ ኢሙሌተር ጫነችባት። ኢሙሌተር ማለት አዲስ ማሽን «እኔ የድሮ የጌም ማሽን ነኝ» ብሎ እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ደግሞ የተገኘው እናቷ የልብስ ቁልፍ ከምታጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የልጅነቷ የጌም ካሴት ማጫወቻው ተሰብሮ ከተጣለ በኋላ እዚያ ጣሳ ሥር ተቀብሮ ኖሯል። የኮምፒውተር መምህሩ ካሴቱን ማንበቢያ ላይ ሰክተው ጌሙን ወደ ፋይል ገለበጡላት።

«ባትሪው እስካሁን ይሠራል!» ብለው ነበር መምህሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ሴቭ የተደረገውን ጨዋታ እንዳይጠፋ የሚይዘው ካሴቱ ውስጥ ያለ ክብ ባትሪ ነው። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ! ይኼ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት።»

ሽቦ ይህንን ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ክር በመርፌ እያሾለከች ነበር። ክሩ ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ። «እንዲያ አሉ?» አለችና ክሩን በምራቋ አርጥባ እንደገና ሞከረች።

አሁን ግን የሽቦን ጭፈራ ሰምታ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ከስፌት ክፍሉ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንሽ? ኤሌክትሪክ ያዘሽ?»

«ዳክዬዋ! እማዬ፣ ዳክዬዋ መጣች!»

እናቷ ጎንበስ ብላ አየች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «ይቺ ልጅ አላረጀችም እኮ» አለች በሹክሹክታ።

ሽቦ ቅንብሩን ከፍታ ቁልፎቹን አስተካከለች፤ ሰባት ቁጥር መዝለያ፣ ዘጠኝ ቁጥር መሮጫ። ጨርሳ ቀና ስትል የእናቷ እጅ ተዘርግቶ ጠበቃት።

«እስቲ ወዲያ በይልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ፖስተኛዋ ዳክዬ አሥራ ሁለት ደሴት ላይ ደብዳቤ ማድረስ አለባት፤ በየደሴቱ መጨረሻ ፖስታ ቤት አለ፣ እዚያ ስትገባ ጨዋታው ሴቭ ይሆናል። መጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ የመብራት ቤቱ ደሴት ነው። የሽቦ እናት ሻይ ስታፈላ ሦስተኛውን፣ ካውያው እስኪግል አራተኛውን አለፈች። ማክሰኞ የአንድ ደንበኛ ኮት ግራ እጅጌውን በቀኝ በኩል ሰፋችው። ደንበኛው ሲለካው ክንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን በጨው ታጥባ «አዲስ ሞዴል ነው» አለችው። ሽቦ ሳቋ ሊያፍናት ደርሶ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«እማዬ፣ ሱስ ያዘሽ እንዴ?»

«ዝም በይ። ቅዳሜ አጎትሽ ይመጣል። አሥራ ሁለተኛው ደሴት በር ላይ አድርሼ ነው የምሰጠው።»

ሽቦ ነገሩ ወዲያው ገባት። ጋሼ የምትለው ይህ አጎቷ በመጣ ቁጥር ሳያወራው የማይሄድ አንድ ታሪክ አለው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አሥራ አንድ ደሴቶችን አልፎ፣ አሥራ ሁለተኛው በር ላይ ሴቭ አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ። ሲመለስ ሁሉም ነገር የለም። «ባትሪው ሞተ!» ይላል ጋሼ፣ ጭኑን በጥፊ እየመታ። «መብራት ቤቱ እየታየኝ! ባትሪ የሚሉት ከሃዲ!» ካሴቱንም ሞቷል ብሎ ለታናሽ እህቱ ሰጣት። ይህ ታሪክ ሲጀመር የሽቦ እናት ሁልጊዜ ማዕድ ቤት ሥራ ይኖራታል።

ሐሙስ ማታ ራት ላይ እናቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ደረስኩ!» አለች። ዳክዬዋ አሥራ ሁለተኛው በር ላይ ቆማለች፤ ከበስተኋላዋ መብራት ቤቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እናትና ልጅ ተቃቀፉ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ የሽቦ ጓደኛ ጉንጮ አብራት መጣች። እናቷ የተጠገነውን ኮት ልታደርስ ወጥታለች።

«በናትሽ ያንን የማዕበሉን አሳዪኝ» አለች ጉንጮ። «እግሯ ወደ ላይ የሆነበትን።»

ያ ችግር አልነበረም። ኢሙሌተሩ ጨዋታውን በየትኛውም ቅጽበት ባለበት የሚያስቀርበት ቁልፍ አለው፤ ሽቦ «ፎቶ» ትለዋለች። ፎቶ ካነሡ በኋላ በፈለጉ ጊዜ ወደዚያች ቅጽበት መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ቀን ማዕበሉ ዳክዬዋን ሲወስዳት አንድ ፎቶ አንሥታ ነበር። ተጫነችው። ሁለቱ ብርቱካናማ እግሮች ብቅ አሉ። ሁለቱ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ወለሉ ላይ እስኪወድቁ ሳቁ፤ ደግመው አዩት፣ ሠልሰው አዩት፣ ከዚያ ሽቦ ጌሙን ዘጋችው።

«አሁን ደግሞ የእማዬን ጉድ እዪ» ብላ እንደገና ከፈተችው።

ስክሪኑ «የመጀመሪያ ደሴት» ይላል።

ሽቦ ዘግታ ከፈተች። የመጀመሪያ ደሴት። ማሽኗን አጥፍታ አበራች። የመጀመሪያ ደሴት። በዚያች ቅጽበት መምህሩ ያሏት ትዝ አላት፤ ስትሰማው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር። «ልብ በይ፤ ፎቶዋ ዳክዬዋን ብቻ አይደለም የምትመልሰው፣ ሴቭ የተደረገውንም አብራ ወደዚያ ቀን ትመልሰዋለች።» ሽቦ ክው አለች። የእናቷን ሳምንት፣ የእናቷን አሥራ አንድ ደሴቶች፣ ለሁለት እግር ሳቅ ብላ አጠፋቻቸው። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

«አለቀልኝ» አለች።

ጉንጮ ጥፍሯን እየበላች አሰበች። «ባትሪው ሞተ በያት።»

«ምን?»

«አጎትሽ ላይስ የደረሰው እሱ አይደል? እናትሽ ነቄ አትልም። በቃ፣ ባትሪ ሞተ፣ አለቀ።»

ክፋቱ፣ ሐሳቡ ይሠራል። የሽቦ እናት ማሽን ውስጥ ያለውን ነገር በሙሉ «ባትሪ» ነው የምትለው። ማንም አይጠረጥርም፣ ማንም አይቆጣም። ጉንጮ ከሄደች በኋላ ሽቦ ብቻዋን ተቀምጣ «እማዬ፣ ባትሪው ሞተ» የሚለውን ተለማመደች፤ አንዴ በሐዘን፣ አንዴ በግርምት። በግርምት ሲሆን ይበልጥ ያምራል።

እናቷ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ «የት አለች ዳክዬዬ?» አለች።

«እማዬ… ጌምሽ ጠፍቷል። ባትሪው…»

እናቷ ባለችበት ቀረች። ሽቦ ቁጣ ስትጠብቅ ያየችው ድንጋጤ ነው፤ ያውም የትልቅ ሰው ድንጋጤ አይደለም፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ያለ።

«ባትሪው ምን?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

ሽቦ ያዘጋጀችው ግርምት የት እንደገባ አላወቀችም። «ባትሪው ምንም አልሆነም» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጉንጮን ላስቃት ብዬ የድሮዋን ፎቶ መለስኩ፣ ያንቺ ሁሉ አብሮ ሄደ። መምህሩ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ይቅርታ እማዬ።» ከዚያ አለቀሰች።

እናቷ የስፌት ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሽቦ የምታለቅስ መሰላት፤ እየሳቀች ነው። ሜትሯን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ነይ ወዲህ» አለቻት። «ካሴቱ የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ነው፣ አይደል? አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድምጋሼ ‹እንዳትነኪው› ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ዳክዬዋ በስሜ እንድትጠራ ፈለግሁ። አዲስ ጀመርኩና ስሜን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ፖስታ ቤት ስገባ የሱ በሙሉ ጠፋ። ደንግጬ የኔንም ደመሰስኩት።»

የሽቦ እንባ ባለበት ቆመ። «እና ባትሪው?»

«ምን ባትሪ አለ! እኔ ነኝ የገደልኩት።» እናቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ቅዳሜ በሩ ላይ አድርሼ ስሰጠው ዕዳዬ የሚወርድልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን እንዴት ብዬ ልንገረው? ሰውዬው ሸብቷል እኮ!»

ሽቦም ሳቅ ጀመራት።

«ለመሆኑ አንቺ ስንት ሰዓት ደብቀሽ ቻልሽው?» አለች እናቷ።

«አንድ ሰዓት። ትንሽ ይበልጣል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት» አለች እናቷ፤ ሁለቱም እንደገና ሳቁ።

ቅዳሜ ጋሼ እንደ ልማዱ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ጥሩምባ እየነፋ መጣ። ሶፋው ላይ ተዘረጋ፣ ሻይ ተቀዳለት። ጉንጮም ነበረች። ማሽኗን እንዳያት ዓይኑ በራ፤ ታሪኩም ጀመረ። «መብራት ቤቱ እየታየኝ! ባትሪ የሚሉት…»

የሽቦ እናት ብድግ አለች። «ሻይ ልጨምር።»

«ሻዩ ሙሉ ነው እኮ» አለ ጋሼ።

ሽቦ እናቷን አየቻት። አሁን ማዕድ ቤት ከገባች የምትወጣው ከሌላ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ደግሞ የእናትን ጉድ ማውጣት የልጅ ሥራ አይደለም። የራሷ ጉድ ግን የራሷ ነው።

«ጋሼ» አለች። «ትናንት የእማዬን ጨዋታ አጥፍቼባታለሁ። አሥራ ሁለተኛው በር ላይ ደርሳ ነበር።»

«አላልኩም? ባትሪ ነው!»

«አይደለም። ባትሪው ደህና ነው። እኔ ነኝ።»

ጉንጮ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጋሼ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። የማዕድ ቤቱ በር ላይ እናቷ የሜትሯን ሁለት ጫፎች ይዛ ቆማለች።

«ወንድምጋሼ» አለች። «ቁጭ በል።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው እንዳትነሣ።» መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሁሉንም፣ ከስሟ ጀምሮ እስከ ፖስታ ቤቱ፣ ነገረችው።

ጋሼ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከማሽኗ የዳክዬዋ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል።

«ሠላሳ ዓመት!» አለ በመጨረሻ። «የመኪናዬን ባትሪ ሳይሞት የምቀይረው ለምን መሰለሽ? ባትሪ የሚባል ነገር አላምንም እኮ! ስንቱን ነጋዴ በነገር ጠበስኩት!» ከዚያ ያ ግዙፍ ሳቁ ወጣ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እህቱን በአንድ ክንዱ አንገቷን አንቆ ሳማት። «ሌባ!» አላት። «አምጪያት እቺን ዳክዬ። ከመጀመሪያው ደሴት እንጀምራለን፣ አንቺም ሳትነኪ ታያለሽ።»

ሽቦ አዲስ ጨዋታ ከፈተችለት። «ስም ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። የጋሼ ጣቶች ለመሪ እንጂ ለእንደዚህ ያለ ቁልፍ አልተፈጠሩም፤ ፊደል በፊደል፣ እየተሳሳተ እያጠፋ፣ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው የእህቱ ስም ነበር።

እናቷ አንብባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ዓይኗን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች።

ዳክዬዋ ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች። የመጀመሪያው ማዕበል ከሩቅ እየመጣ ነው፤ ጋሼ ደግሞ የመዝለያውን ቁልፍ አጥቶ ስምንት ቁጥርን ይደበድባል። ሽቦ ስለ ፎቶዋ ልትነግረው አፏን ከፈተች። አንድ ጊዜ ፎቶ ከተነሣ ዳክዬዋን ማዕበሉ ቢወስዳት እንኳ እዚሁ ትመለሳለች። ተወችው። ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች።

«ሰባት ቁጥርን ጋሼ፣ ሰባትን!»