የመንኮራኩሯ ቀኝ ክንፍ

መምህር ፍቅረ ሥላሴ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱ የመድረኩን የሲሚንቶ ጠርዝ ነክቷል። ከበላዩ አራት ወር የደከመባት የጠፈር መንኮራኩር ቆማለች። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ከመቶ ሺህ በላይ የመጫወቻ ጡቦች ተገጣጥመው የሠሯት፣ ርዝመቷ ስድስት ሜትር የሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ናት። መሰላሉ ቀኝ ክንፏን ተደግፏል። ከውጭ ሲያዩአት አንዲት ጡብ አልጎደለችም።

ኢንስፔክተር ዘሪቱ ከደምበጫ መንገድ እንደተመለሰች፣ የጫማዋን ጭቃ እንኳ ሳታራግፍ መጣች።

«አደጋ ነው፤ ከመሰላል ወድቆ ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ አቶ እንዳላማው። «ማክሰኞ መንኮራኩሯን የሚመርቁ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እስከዚያ ነገሩ ቢያልቅልን፣ ኢንስፔክተር።»

ዘሪቱ ተንበርክካ የሟቹን የተጨበጠ ቀኝ እጅ ጣት በጣት ከፈተች። መዳፉ ውስጥ አንዲት ቢጫ ጡብ ነበረች።

ተማሪዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ተሰናብተዋል። ከሟቹ ሌላ የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ የኮምፒዩተር መምህርቷ ሂዊ፣ ግንበኛው አንሙት። ሦስቱም ከሰዓት በኋላ የት እንደዋሉ ተናገሩ፤ የሦስቱንም ቃል የሚያረጋግጥ ምስክር አልተገኘም።

ዘሪቱ መጀመሪያ ሂዊን ጠራች።

«ጡቦቹን በየቀለማቸው የምትለዪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ። ነጩ ስላነሰን ለውጭው ብቻ አዋልነው። ቢጫና ቀዩን ውስጥ ለውስጥ ሞላነው።»

«የተረፈ ቢጫ አለ?»

«ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ይዩት።»

«ከሟቹ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

«ጥል እንኳ አይባልም። መምህር ፍቅሬ የውጭው መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ይውረድ ይል ነበር፤ የብረት ሉህ እንዲመስል። ጋሽ አንሙት ደግሞ ‹እንዲህ ያለ ግድግዳ ጠላት ነው፤ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል› ይለዋል። ያስቁን ነበር። በኋላ ግን ጋሽ አንሙት እሺ ብሎ እንደ ሥዕሉ ሠራው።»

ሂዊ ስትወጣ አቶ እንዳላማው ወደ ዘሪቱ ጠጋ አለ።

«የመጋዘኑ ቁልፍ እሷ ጋ ነው እኮ። መምህሩ ቢጫውን ጡብ ከእሷ በቀር ከማን ያገኘዋል? ደግሞ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ዘመድ የላት፣ ወገን የላት፤ ማን ያውቃታል?»

«ዘመድ ማጣት ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችው ዘሪቱ።

ነገር ግን ሐሜቱ ከእሷ ቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ነበር። አለቃዋ እስከ ሰኞ ሌላ ተጠርጣሪ ካልቀረበ ሂዊ እንድትታሰር ወሰነ።

አንሙት በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። አርባ ዓመት አልፎታል፤ መዳፉ የተሰነጣጠቀ ነው።

«እስከ ስንተኛ ተምረዋል?»

«እስከ አራተኛ። ከዚያ ወዲያማ ድንጋይ ነው ያስተማረኝ።»

«መንኮራኩሯ ላይ ሥራዎ ምን ነበር?»

«መምህሩ ወረቀት ላይ ይስላል፤ እኔ አቆማለሁ። ሁለት ጊዜ በራሱ እጅ ሠርቷት ተናደች። በሦስተኛው እኔን ጠራኝ። ይኸው ቆመች።»

ዘሪቱ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየች። «ንድፍና ሥራ፦ መምህር ፍቅረ ሥላሴ» ይላል።

«የእርስዎ ስም የለም።»

«ግንበኛ ስሙን ግድግዳ ላይ አይጽፍም፣ እመቤቴ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እሑድ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወረቀት ደረሰ። ዘሪቱ ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥታ ግራ ክንፉን፣ ቀጥሎም ቀኙን መረመረች። ቀኙ ላይ ብዙ ቆየች። ስትወርድ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ሣጥን ጡብ እንዲዋሱላት አዘዘች።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ሂዊ ወደ እነሱ ላለማየት አንገቷን ደፍታለች።

«ከፊታችሁ ባሉት ጡቦች አምስት ረድፍ ግድግዳ ሥሩልኝ» አለች ዘሪቱ።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ?» አለ አቶ እንዳላማው።

«ይጫወቱ።»

የእሱ በሦስተኛው ረድፍ ፈረሰ። ሂዊ እንደለመደችው መጋጠሚያውን ከላይ እስከ ታች አስተካክላ ደረደረች። አንሙት ጡቦቹን ሳያይ፣ በሩን እያየ፣ በደቂቃ ውስጥ ጨረሰ።

ዘሪቱ ቆመች።

«ሟቹ ቢጫ ጡብ ጨብጦ ነበር። ውጭ ቢጫ የለም፤ መጋዘኑም ባዶ ነው። ስለዚህ ጡቧ የወጣችው ከመንኮራኩሯ ሆድ ነው። ሰው ሲወድቅ ያገኘውን ይይዛል። መምህሩ ክንፉን ያዘ፤ ክንፉም ተገንጥሎ አብሮት ወረደ። እኛ ስንደርስ ግን ክንፉ ሙሉ ነበር። የሞተ ሰው ክንፍ አይጠግንም። ታዲያ ማን ጠገነው?»

«ማን ጠገነው?» አለ አቶ እንዳላማው ሳይታወቀው።

«ወጥተው ይዩት። በመላው መንኮራኩር መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በቀኙ ክንፍ፣ ሁለት ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ፣ እያንዳንዱ ጡብ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ጡቦች መጋጠሚያ ረግጦ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ ጠረጴዛውን እዩ።»

ሁሉም የአንሙትን ግድግዳ አዩ። እያንዳንዷ ጡብ የታችኞቹን መጋጠሚያ ሸፍናለች።

«አራት ወር እንደ ሥዕሉ የሠሩት እያሰቡ ነው፣ አቶ አንሙት። ቅዳሜ ግን አላሰቡም፤ እጅዎ ነው የሠራው።»

አንሙት ከግድግዳው አናት አንዲት ጡብ አነሳና መልሶ ገጠማት።

«ከስሙ ሥር ስሜን እንዲያስጽፍልኝ ለመንኩት» አለ። «መሰላሉ ላይ እንዳለ ሳቀ። ‹ጭቃ አቡኪ መንኮራኩር ሠራ ቢባል ማን ያምናል?› አለኝ። መሰላሉን ነቀነቅሁት። ላስፈራራው ነበር።»

«ሲወድቅ ሞቶ ነበር?»

ዘሪቱ የሐኪሙን ወረቀት ከኪሷ አወጣች።

«ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል። በጊዜው ቢታከም ይተርፍ ነበር።»

«ያቃስት ነበር» አለ አንሙት፤ ድምፁ አልተሰማም ማለት ይቻላል። «ክንፏ ተገንጥሎ ሆዷ ወጥቶ ሳየው… ቀዳዳውን ዘግቼ ሰው ልጥራ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ረድፍ፣ አንድ ረድፍ እያልኩ። ሳጋምሰው ዝም አለ።»

«ዝም ሲልስ?»

«ጨረስኩት።»

ሂዊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፖሊሶቹ አንሙትን ይዘው ወጡ፤ ወደ ኋላ ዞሮ አላየም። የመኪናው ድምፅ ከግቢው ራቀ።

አቶ እንዳላማው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ ነገ እንግዶቹ ማን ሠራት ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ታስሯል ይበሏቸው።»

«እንዲህ ብዬማ» አለ አቶ እንዳላማው፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ «ሪባኑን እንዴት አስቆርጣለሁ?»