በሰው አግዳሚ

ኳሱ የእንግሊዝ ነው፤ ለቅሶው ግን የላሊበላ ሆነ። ይህን ታሪክ ሳወራ ብዙ ሰው «በኳስ ሰው ይሞታል እንዴ?» ይለኛል። ሰው በኳስ አይሞትም። ሰው የሚሞተው በሰው እጅ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንዳንዴ ለመናገር እንኳ ያሳፍራል።

የአያ አለሜ ዲኤስቲቪ ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ መብራት ሲጠፋ ጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተር አለው። በግራ በኩል የአርሴናል ደጋፊዎች አግዳሚ ተደርድሯል፤ በቀኝ በኩል የማንችስተር፣ በኛ አፍ የማንቼ።

አያ አለሜ በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸውና ለቤታቸውም ሕግ አወጡለት። ቦታ አጥቶ በተቃራኒ ደጋፊዎች አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው «እንግዳ» ይባላል። እንግዳ የራሱ ቡድን ሲያገባ አይነሳም፣ አይጮህም፣ አይስቅም። የባለ አግዳሚዎቹ ቡድን ሲያገባም የውሸት አያጨበጭብም፤ ያ ግብዝነት ነው። በምላሹ ባለ አግዳሚዎቹ እንግዳቸውን አይሰድቡም፤ ሌላ ሰው ቢነካው የተነኩት እነሱ ናቸው። ይህን ያከበረ ሰው ከተማው ውስጥ «ጨዋ» ይባላል፤ ለጋብቻ ሲጠየቅም ይነሳለታል። ቀልዴን አይደለም።

ውባንቺ በዚያ ቤት አደገች ማለት ይቻላል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ቢተው ነው። ቢተው ባጃጅ ይነዳል፤ የአርሴናልን አርማ ከባጃጁ ጀርባ ለጥፏል፤ በግራው ወገን የፊተኛው አግዳሚ የሱ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ለቱሪስት ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ ቱሪስት ሲጠፋ የተማሪ ዩኒፎርም ወደ መስፋት ዞረች። አርሴናል ሲያገባ የምትጮኸው ጩኸት ግን ከወንዶቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ይዟት አርፍዳ ደረሰች። የግራው ወገን ጢም ብሎ ሞልቷል። በቀኙ አግዳሚ ጫፍ የተቀመጠ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ተቀመጭ፣ ይበቃሻል» አላት።

ደሳለ ይባላል። አስጎብኚ ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። የሚጎበኝ ሰው ሲጠፋ መኪና ላይ ድንጋይ መጫን ጀምሯል። ውባንቺ በመንገድ ታውቀዋለች እንጂ አውርታው አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አርሴናል አገባ። የግራው ወገን እየጮኸ ተነሳ። ውባንቺ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«አመመሽ?» አላት ደሳለ።

«ዝም በለኝ፣ እንግዳ ነኝ።»

«ጎላችሁ እኮ ነው።»

«አጥቼው ነው? ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

ደሳለ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። «ለእኔ ብቻ በይው። በቀስታ። አያ አለሜ አይሰሙም።»

«ጎል» አለችው፤ ትንፋሿ ጆሮውን አሞቀው።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቡድኑ ተሸንፎ ወጣ፤ እሱ ግን ሲሄድ ያፏጭ ነበር። ፍቅር ሁሉ እንዲህ ይጀምራል አልልም። የነሱ እንዲህ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ በነአኩቶ ለአብ መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ደሳለ ለፈረንጅ የሚያወራውን ታሪክ ለእሷ ያወራላታል፤ እሷ ሁሉንም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን እንደ አዲስ ትሰማዋለች። ወደደችው። ልቧ የሱን እርምጃ ከሰው እርምጃ መለየት ጀመረ፤ ስፌት ላይ ሆና በሩን እያየች ጣቷን በመርፌ ትወጋለች።

ወሬ በላሊበላ ውሎ አያድርም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያሉ ሰዎች ቢተውን ቀለዱበት። ቢተው ግን አልሳቀም። ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ጉዳዩን አነሳው።

«ቱሪስት ይመጣል እያለ የሚጠብቅ ሰው ነው» አለ። «አንች ጾምሽን እንዳታድሪ ብዬ ባጃጅ ላይ ወገቤ ተቀጨ። ለሥራ ፈት አልሰጥሽም።»

«ሥራ ፈት ድንጋይ ይጭናል?»

«በዛ ላይ ማንቼ ነው።»

«ተው እንጅ ቢቴ!»

«አልተውም። እኔ ሰውን በወሬው አላውቀውም። ሲያሸንፍና ሲሸነፍ ነው የማውቀው።»

እናታቸው እማማ ገለቴ ከመሶቡ ቀና አሉ። «አባቷ አንተ ነህ፤ ያልከው ይሆናል» አሉት።

ውባንቺ ጉርሻዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው እየው። ሁለቱ ቡድኖች የሚጋጠሙ ቀን ካንተ ጎን ይቀመጥ፣ እንደ እንግዳ። ሕጉን ካፈረሰ እኔው ራሴ እተወዋለሁ።»

«ካላፈረሰስ?»

«ሽማግሌ ይልካል። አንተም በር ትከፍታለህ።»

ቢተው እህቱን ትኩር ብሎ አያት። እንዲህ ደፍራ አውርታው አታውቅም። «እሽ» አለ።

ጨዋታው በቀን ነበርና ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ከሰዓት እላፊው በፊት ያልቃል። ደሳለ የማንቼ ማሊያውን እቤት ትቶ በተራ ሸሚዝ መጣ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከቀኙ ወገን አንዱ «መንገድ ጠፋብህ?» ብሎ አሳቀበት።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ደሳለ ለግራዎቹ ጎንበስ ብሎ።

«ተቀመጥ» አለው ቢተው፤ ሌላ አልጨመረም።

ውባንቺ በሩ አጠገብ ሻይ ከምትሸጠው ከኤልሳቤጥ ጎን ተቀመጠች። ኳሱን አላየችም። የሁለቱን ሰዎች ማጅራት ነበር የምታየው።

ማንቼ ቀድሞ አገባ። ቀኙ ወገን ተነሳ፤ ደሳለ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ቢተው ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መልሶ እሱን ይመለከተው ነበር። ከእረፍት በኋላ አርሴናል አቻ ሲያደርግ ግራው ወገን የደሳለን እግር እየረገጠ ጨፈረ፤ ደሳለ አላጨበጨበም፣ አላኮረፈም። ቢተው ሲቀመጥ ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ዘረጋለት።

«ብላ።»

«አልራበኝም።»

«ብላ አልኩህ። እንግዳ አይራብም።»

ውባንቺ ይህን ስታይ የኤልሳቤጥን ክንድ ጨብጣ ያዘች። «ቆሎ ሰጠው!» አለቻት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለማንቼ ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ገባ። ቀኙ ወገን ቤቱን አናጋው። ግራው ለቅሶ ቤት መሰለ። ደሳለ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። የቀረችው ጭማሪ ሰዓት ብቻ ናት። ውባንቺ ፈተናውን ማለፉን አወቀች፤ ደስታዋ ከአቅሟ በላይ ሆነና ፈገግ አለችለት። እሱም ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

ከጀርባው የተቀመጠው፣ ውዱ የሚባል የቢተው ባልንጀራ፣ ፈገግታውን አየ፤ ለማን እንደ ሆነ ግን አላየም። ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ሲጠጣ ውሏል።

«ሳቀብን!» ብሎ ተነሳ። «በኛ አግዳሚ ተቀምጦ ሳቀብን!»

«በእናንተ አልሳቅሁም፣ ወንድሜ።»

«በማን ነው ታዲያ? ተናገር!»

ደሳለ አልተናገረም። ቢናገር ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ግን ሽማግሌ ያልተላከባትን ልጃገረድ ስም በወንድ መሃል መጥራት ነውር ነው፤ ያውም በወንድሟ ፊት። አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ውዱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠረና በርጩማ አነሳ።

ቢተው በመካከል ገባ። «እንግዳዬ ነው!» ሲል የበርጩማው እግር በሙሉ ክብደቱ ከጆሮው በላይ አገኘው።

ደም አልወጣም። እብጠት ብቻ ነበር። ውዱ በርጩማውን ጥሎ ቢተው እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ አያ አለሜ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፉ ሲሉ ቢተው ከለከላቸው። «ምንም አልሆንኩ፣ ይቀጥል» አለ። እስኪያልቅ ተቀምጦ አየ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢተው ከውባንቺ ጋር ደሳለንም በባጃጁ ጫነው። በደሳለ ደጃፍ ላይ አቆመና ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቀው።

«ለማን ነው የሳቅኸው?»

ቢተው በመስታወቱ እህቱን አያት፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ገባኝ» አለ። «ሽማግሌህን ላክ።»

እቤት ሲደርስ ራሱን አመመው። እማማ ገለቴ በሻሽ ጥፍር አድርገው አሰሩለት። ውባንቺ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትል «ሰዓት እላፊው ደረሰ፣ ነገ እንሄዳለን» አላት። እናቱም ቢተኛ ይሻለዋል አሉ። ሲነጋ አልነቃም።

ውዱ ቀብሩ ሳይፈጸም እጁን ለፖሊስ ሰጠ። የቀኙም የግራውም አግዳሚ ሰዎች ተቀላቅለው አስከሬኑን ተሸከሙ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ጎን ለጎን ለመቆም ሬሳ ማስፈለጉ።

ከአርባው በኋላ ደሳለ ሽማግሌ ላከ። ቄስ ጽጌማርያም ነበሩ የመሩት። ሟች በአፉ የፈቀደውን ተናገሩ። እማማ ገለቴ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የልጄ ቃል ነው፤ የሙት ቃል አላፈርስም» አሉ። «ልጅቱን ውሰዷት። ያ ልጅ ግን በደጄ ሲገባ ዓይኔ ከኋላው ቢተውን ይፈልጋል፤ ከኋላው ማንም የለም። እንዳልረግመው ይራቅልኝ። ሩቅ አገር ይኑሩ።»

በማግስቱ ውባንቺና ደሳለ በነአኩቶ ለአብ መንገድ ተገናኙ። ሁለቱም ከስተዋል።

«ፈቀዱ እኮ» አላት። «ደሴ አጎቴ ዘንድ ሥራ አለ። እንሂድ።»

«እማዬን ለማን ትቼ? ከእኔ ሌላ ማን አላት?»

«እየመጣሽ ታያታለሽ።»

«መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እኔም ሳቅሁ።»

«አንተ የመለስክልኝ ነው።»

«ውባ፣ ሰው ፈገግ በማለቱ ሰው አይሞትም።»

«አውቃለሁ። ማወቄ አልረዳኝም። አንተን ሳይ ፊቴ ይፈታል፤ ፊቴ ሲፈታ ያ በርጩማ ይመጣብኛል። እንዲህ ሆኜ ሚስት ልሁንህ?»

«እስኪተውሽ እጠብቃለሁ።»

«አትጠብቀኝ» አለች፤ እጁን ግን አለቀቀችውም። «እወድሃለሁ። ከማንም አብልጬ ነው የምወድህ። ሂድ።»

ሄደ። የወልድያ መንገድ ሲከፈት በጭነት መኪና ነው የወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ኔትወርክ ሲኖር። ስልኩ ሲጠራ እያየች ታለቅሳለች፣ አታነሳም። እየቆየ ጥሪው ተራራቀ፤ ኋላም ቀረ። ማግባቱን የነገሯት የሱ እናት ናቸው፤ ገበያ መሃል እጇን ይዘው።

ዛሬም ልብስ ትሰፋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲኤስቲቪ ቤት ረግጣ አታውቅም። ሽማግሌ የላኩ ሌሎችም ነበሩ፤ ሁሉንም በትሕትና መለሰች። ሰው «ለእናቷ የኖረች» እያለ ያመሰግናታል።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ከሰዓት፣ እናትና ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እማማ ገለቴ እጃቸውን አቆሙ።

«ደሳለ ልጅ ወለደ አሉ።»

«አዎ እማ፣ ሰማሁ።»

«ያኔ ውሰዷት ስል ለምን አልሄድሽም?»

ውባንቺ ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነዋ።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። ብዙ አዩዋት።

«ብቻዬን መሆኑንስ እለምደው ነበር» አሉ። «ያልለመድኩት ይሄን ፊትሽን ማየት ነው።»