ዓይኗን የገለጠች ጉጉት

«ጉድሽ ፈላ! መቀመጫዋ እኮ ገና አልተስተካከለም!» አለች ቱምፓ።

ጁቲካ ደንግጣ ዞረች። ፀሐይ ላይ ያደረቀቻት የእንጨት ጉጉት በሁለት ክብ ጥቁር ዓይኖቿ ትክ ብላ ታያታለች። የአጎቷ ልጅ ቱምፓ በጣቷ ነካ ስታደርጋት፣ ጉጉቷ እንደሰከረ ሰው ወዲያ ወዲህ ተወላገደች።

ጉጉት ሲሳይ ይዛ የምትመጣው የሂንዱ አምላክ፣ የእመቤት ላክሽሚ፣ መጓጓዣ ናት። በእነጁቲካ ቤት ዓይኗ የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሕያው ስለምትቆጠር ስለት አይነካትም። እስካሁን ዓይን የምትስለው አክስቷ ስትሆን፣ ጁቲካ ለመሳል ሦስት ዓመት ለምናለች። ዳዱ፣ አያቷ፣ እሺ ያሏት ገና ትናንት ነው። ለሙሉ ጨረቃው በዓል ከተሠሩት አሥራ ሁለት ጉጉቶች ለመጀመሪያዋ፣ እሳቸው መቀመጫዋን ሳይጠርቡላት፣ በደስታ ብዛት ዓይን ሳለችላት።

«ዳዱ ካወቁ ብሩሹን ለአክስቴ ነው የሚሰጡት» አለች ጁቲካ።

«አንቺማ እስከ ከርሞ ነጭ ስትለቀልቂ ትኖሪያለሽ። ይልቅ አሁኑኑ ነጩን ደርቢበት። እሳቸው ይጠርቧታል፣ አንቺ መልሰሽ ትስያለሽ። ማን አየሽ?»

ጁቲካ ቀባችበት። ዓይኖቹ ጠፉ።

ወዲያው ዳዱ መሮአቸውን ይዘው ከጓሮ ገቡ። «እስቲ ከዚችኛዋ እንጀምር» ብለው ተቀመጡና ጉጉቷን ገልብጠው በሁለት እግሮቻቸው መሀል ያዟት። እንደ ልማዳቸው መሮውን ግንባራቸውን አስነኩት፤ እጃቸው እንዳይሳሳት የሚለምኑት እንዲህ ነው።

«ዳዱ፣ ይቆዩ!»

ጁቲካ ጉጉቷን ከእግራቸው መሀል አወጣቻት። የሻሿን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ ያልደረቀውን ነጭ ጠረገች። አንዱ ዓይን ብቅ አለ። ቀጥሎም ሌላው፣ ዙሪያው ትንሽ ደብዝዞ። ቱምፓ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ጀመር።

ዳዱ መሮውን አስቀመጡ። ጉጉቷን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩዋት።

«ዓይኗስ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የቸኮለች ናት እንጂ። እንደ ሠዓሊዋ።»

ቱምፓ ሳቋ አመለጣት። ጁቲካም ሳቀች።

«ይህቺ እኛው ቤት ግድግዳ ተደግፋ ትኖራለች» አሉ ዳዱ። «የአሥራ አንዱን ዓይን ማን ይሳል?»

ጁቲካ ቀጭኗን ብሩሽ አየቻት።

«የዘንድሮውን አክስቴ ትሳል» አለችና ሁለተኛዋን ጉጉት አንስታ አቀበለቻቸው።