የቮልሷ ፔዳል

«ካርቡራቶር እኮ ፋራ ነው» አለ መሓሪ፣ የፈታውን አሮጌ ካርቡራቶር ጋዜጣ ላይ እያስቀመጠ። «ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ፔዳሉን በረገጥሽው ቁጥር ቤንዚን ይረጫል። ኢንጀክሽን ግን አራዳ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ካላዘዘው ጠብታ አይወጣውም።» የአርያም አባት ታናሽ ወንድም ነው መሓሪ፤ ስለ መኪና ሲያወራ ሰው የሚያማ ይመስላል።

አርያም የያዘችው መፍቻ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። «ጠፍቶም?»

«ጠፍቶም። ካንዴላዎቹን ሁልጊዜ ረጥበው የማገኛቸው ለዚህ ነው፤ ሲረጥቡ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም። በቃ፣ እናትሽ ቁልፉን ሳታዞር እየደጋገመች ትረግጠዋለች መሰለኝ።»

እናቷ አልነበረችም።

ቮልሷ የአባቷ የአስመላሽ ናት። እሁድ እሁድ፣ ካዛንቺስ ባለው ጠባብ ግቢያቸው ውስጥ፣ እሱ ከኋላ ሞተሯን ከፍቶ ሲነካካ አርያም መሪው ጋ ትቀመጥ ነበር። «ስጪ» ይላታል፤ ቤንዚን ስጪ ማለቱ ነው። ትረግጣለች። «በቃ» ሲላት ትለቃለች።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያነሳ የለም፤ እሷና እናቷ አንዳቸው ሌላቸውን እንዳያስለቅሱ ዝም ይባባላሉ። ትምህርት ቤትም ጓደኞቿ የሚሏት ጠፍቷቸው ራቅ ራቅ ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እናቷ ሳትወጣ ቮልሷ ውስጥ ትገባለች። «ስጪ» ትላለች በለሆሳስ። ትረግጣለች፤ ደግማ ትረግጣለች። ከቀኑ ሁሉ ብቸኝነቱ ቀለል የሚላት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ከዚያ እናቷ፣ መድኃኒት፣ ወደ ሥራ ልትሄድ ትመጣና ቁልፉን ታዞራለች፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል እንጂ አይነሳም። በስንት ልመና ቢነሳ እንኳ ኡራኤል የትራፊክ መብራቱ ጋ ቀጥ ይልባታል፤ ከኋላ ያሉት ታክሲዎች ጥሩንባቸውን ያስጮኹባታል። መሓሪን ኢንጀክሽን እንዲገጥም የለመነችው እሷው ነበረች።

ገጠመው። አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ገባ፣ ሽቦ ተዘረጋ፤ ላፕቶፑን የጎን ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ሲያዞር ቮልሷ ወዲያው ተነሳች። አጠፋትና «መዲ፣ ነይ ሞክሪያት» አለ።

መድኃኒት በረንዳው ላይ እንደቆመች ራሷን ነቀነቀች። «ይቅርብኝ። ለሚፈልጋት ሰው ስጣት። እሱ ሲነካት ትነሳ ነበር፤ እኔን አልፈልግም ብላኛለች። እሷን ብትቀይራት እኔ አልቀየር።»

አርያም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ቮልሷ ግን ልትሄድ ነው፤ እናቷም «አልቻልኩበትም» እንዳለች ልትቀር ነው።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ጠዋት እየገባሁ እረግጠው ነበር። ማለቴ... አባዬ ስጪ ሲለኝ እንደማደርገው። ቤንዚን እንደሚረጭ አላወቅኩም።»

መሓሪ ፊቱን አዙሮ ንጹሑን መፍቻ መወልወል ጀመረ።

«በየቀኑ?» አለች መድኃኒት።

«በየቀኑ።»

«ለምን ብቻሽን?» አለች እናቷ።

መድኃኒት ከበረንዳው ወርዳ መሪው ጋ ተቀመጠች። «ልርገጥ?»

«አያስፈልግም» አለ መሓሪ፤ «ቁልፉን ብቻ። ከእንግዲህ ሞተሩ ካልተነሳ ብትረግጡትም የትም አይደርስ።»

አርያም ዞራ ሄዳ አባቷ ይቆምበት የነበረው ቦታ፣ ሞተሩ አጠገብ ቆመች። በኋለኛው መስታወት የእናቷ ማጅራት ብቻ ይታያል። አባቷም እሁድ እሁድ እሷን የሚያያት እንዲህ ነበር ለካ።

ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ።

«ስጪ» አለች አርያም።

እናቷ ረገጠች።